የአሮጌው መኪና ቀለም ምን ይሁን?

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በሸራ ተሸፍና የቆመች ቮልስዋገን አለች። የባልደረባችን አባት ንብረት ነበረች። አባት ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ መኪናዋን አሳድሶ እንደገና መንገድ ላይ ለማውጣት ወሰነ። የሞተሩና የፍሬኑ ነገር ብዙም አላከራከረም። «ቀለሟስ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ግን ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን እኛንም ለሁለት ከፈለን። ከፊሎቻችን «ከፋብሪካ እንደወጣች ትሁን» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ባለቤቱ የወደደውን ይቀባ» አልን።

ብዙዎች ይህን የምርጫና የስሜት ጉዳይ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። እኛ ግን ለአሮጌ መኪና ቀለም መምረጥ በቅድሚያ የማስረጃ፣ ቀጥሎ የፊዚክስና የኬሚስትሪ፣ በመጨረሻም የስሜት ጥያቄ ነው እንላለን። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ተመልሶ የማይገኝ ነገር ይጠፋል።

ማስረጃው የት ይገኛል?

ስለ ጥንታዊ መኪኖች ቀለም እናውቃለን የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ከወሬ አያልፍም። ፎርድ ሞዴል ቲ ሲነሣ ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ ከቀረበ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት በቀይ፣ በአረንጓዴና በግራጫ ቀለማት ይሠራ ነበር። በጥቁር ብቻ የተወሰነው ከ1914 እስከ 1925 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ጥቁሩ ቀለም ርካሽና ጠንካራ፣ ለብዙ ምርትም አመቺ ስለነበረ ነው። በ1920ዎቹ የናይትሮሴሉሎስ ቀለሞች ሲመጡ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የቀለም ሥራ እጅግ አጠረ፤ ልዩ ልዩ ቀለማትም ወደ ፋብሪካው ተመለሱ። እንግዲህ የ1910ን ሞዴል ቲ «እንደ ጥንቱ ይሁን» ብሎ ጥቁር የሚቀባ ሰው ታሪክን ጠበቅሁ ሲል ታሪክን ያዛባል ማለት ነው።

የመኪና እውነተኛ ታሪክ በራሷ አካል ላይ ተጽፏል። በበር ጎማ ሥር፣ በዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በምንጣፉ ሥር ፀሐይ ያልነካው ቀለም ሳይደበዝዝ ይቆያል። ሌላው መንገድ በማይታይ ቦታ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላትን ነጥብ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራሱ ቀስ ብሎ መፈግፈግ ነው። ያን ጊዜ ንብርብሮቹ እንደ ዛፍ ግንድ ክበቦች ይገለጣሉ። በመካከል ላሜራው፣ ቀጥሎ የፋብሪካው መሠረት ቀለም፣ ከዚያ የመጀመሪያው ቀለም፣ በዳር ደግሞ የቅርብ ጊዜው ይታያል። በባልደረባችን መኪና ላይ ይህን ስናደርግ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ የደበዘዘ ክሬም፣ ከሁሉም በታች ሰማያዊ አገኘን። ቤተሰቡ ውስጥ ሰማያዊውን ያየ ሰው አልነበረም።

ዓይናችን ለምን ያታልለናል?

ዋናው ቀለም ከታወቀ በኋላም ችግሩ አያበቃም። ከተሸሸገው ቦታ ናሙና ወስደን በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ተመሳሳይ ቀለም አስቀመምን። በመብራቱ ሥር ሁለቱን መለየት አልተቻለም። ከሱቁ ወጥተን በፀሐይ ስናያቸው ግን አዲሱ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኖ ተገኘ። ቀማሚው አላጭበረበረንም፤ ያታለለን ሜታመሪዝም የተባለው የብርሃን ጠባይ ነው።

የሰው ዓይን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት አማካይነት ነው። የብርሃኑ ዝርዝር ሁሉ ወደ ሦስት ምልክቶች ይጠቃለላል። ስለዚህ ከተለያዩ ኬሚካሎች የተሠሩ ሁለት ቀለሞች ብርሃንን በተለያየ መልክ እያንጸባረቁም በአንድ መብራት ሥር ተመሳሳይ ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ። መብራቱ ሲለወጥ ግን ምስጢሩ ይገለጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ናሙናውን በጠዋት፣ በቀትርና በመብራት ማየት፣ ከተቻለም በስፔክትሮፎቶሜትር መለካት ይበቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር የቀለሙን ቅንጣቶችና አያያዥ ሙጫውን ይሰባብራል። ብዙ ቀይ ኦርጋኒክ ቀለሞች በቶሎ ሲደበዝዙ፣ በ1930ዎቹ ለገበያ የበቃው ፍታሎሳያኒን ሰማያዊ ግን ፀሐይን በብርቱ ይቋቋማል። ቀይ የመረጠ ሰው ጥሩ ቀለም መግዛትና መኪናውን ጥላ ሥር ማቆም ይኖርበታል።

ከቀለም የሚበልጠው

ስለ ቀለም ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንረሳው ሰው አለ፤ እርሱም በጋራዡ ውስጥ አሮጌውን ቀለም የሚፈገፍገው ወጣት ነው። በቀድሞ ዘመን ብዙ ቢጫና ብርቱካናማ፣ አንዳንድ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞችም ከእርሳስ ክሮሜት ይሠሩ ነበር። እርሳስ ነርቭን ይጎዳል፤ ክሮሜት ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። እነዚህ ቀለሞች በደረቁ ሲፈገፈጉ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፤ በልብስም ተሸክሞ ወደ ቤት፣ ወደ ሕፃናት ይደርሳል። በዘመናዊዎቹ ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሪቴን ቀለሞች ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔትም ብርቱ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅም አያግደውም።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። አሮጌ ቀለም በውኃ እየራሰ ይፈግፈግ፤ ቀለም የሚረጨው ሠራተኛ ተገቢው የመተንፈሻ ጭንብል ይኑረው፤ ጥንታዊውን ቢጫ የሚሻም እንደ ቢስሙዝ ቫናዴት ያለ እርሳስ የሌለበትን ይጠቀም። የአንድን ወጣት ሳንባ የሚያህል ዋጋ ያለው ጥንታዊነት የለም።

ታዲያ ምን ይቀባ?

«ንብረቱ የእኔ ነው፤ ማንም አያዘኝም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን አንድ ጊዜ እስከ ላሜራው የተፈገፈገ ታሪክ በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም። «ከፋብሪካው ቀለም በቀር ሌላው ሐሰት ነው» የሚሉትም ቢሆኑ የመኪና ታሪክ በፋብሪካው በር ላይ እንደማያበቃ ይዘነጋሉ። ባልደረባችን ያደገው በቀይ መኪና ውስጥ ነው። እናቱም ሰማያዊው ናሙና ሲቀርብላቸው ረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «ይህቺን መኪና አላውቃትም» አሉ። ከእኛ መካከል ለፋብሪካው ቀለም አጥብቀው ሲከራከሩ የነበሩት በዚያ ቃል ዝም አሉ።

እኛም በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው። መኪናዋ ቀይ ትሁን፤ ነገር ግን በዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሰማያዊ አይነካ፤ ሦስቱን ንብርብሮች የምታሳየው ክብ ነጥብም ትቆይ፤ የተሠራው ሥራ ከነፎቶግራፉና ከነቀኑ ተጽፎ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም ሥራው ሁሉ ተመዝግቦ እንዲያዝ ያሳስባል።

በቋንቋችን የተማረ ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል። በየግቢው በሸራ ተሸፍነው የቆሙ መኪኖችን የምታድሱ ተማሪዎችም ከመቀባታችሁ በፊት በላሜራው ላይ ያሉትን ቀለማት ቁጠሩ እንላለን።