«ቋንቋ» ብሎ መጻፍ ያቃተው አፕ

የቋንቋ መምረጫው ላይ «□ን□» ብሎ የሚጽፍ አፕ ስለ ቋንቋ ምን ሊያውቅ ይችላል?

ቀልድ አይደለም። አፑ የተጫነበት ፎንት ውስጥ «ቋ» ከሌለች ባዶ ሳጥን ሊታይ ይችላል። ሰሪው ከሀ እስከ ፐ ሰባቱን ቤት ቆጥሮ «አማርኛ አለቀ» ብሏል። ቋን፣ ጓን፣ ሏን፣ ኳን ረስቷል። ማስታወቂያው ግን «በአማርኛ ይሠራል!» ይላል።

«ፎንት እኮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ታዲያ እነዚህን ቃላት ያንብብ፦ ተከፍሏል። ተልኳል። ደርሷል። ተሰርዟል። የገንዘብ አፕ ሁሉ የሚቆምባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም ውስጥ ደግሞ ያቺ የተረሳች ፊደል አለች። አማርኛ «አለቀ፣ ተፈጸመ» የሚለውን በሏ፣ በኳ፣ በሷ፣ በዟ ነው የሚናገረው። ሳጥኑ የሚገባው ሰው ብሩ መድረሱን ማረጋገጥ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ቦርሳ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ንፋስ ስልክ ላፍቶን ብቻ እንይ። ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም፣ ብር የሚላከውም፣ ታክሲ የሚጠራውም፣ ቢል የሚከፈለውም በስልክ ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው አልነበብ ያላቸው አባት ምን ያደርጋሉ? ስልኩን ለልጅ ልጃቸው፣ እሱ ከሌለ ለባለሱቁ ይሰጣሉ። የሚስጥር ቁጥሩንም አብረው ይነግራሉ። የሳጥኑ ዋጋ ይሄ ነው።

የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ትዝብት ነው። ንፋስ ስልክ ማለት ገመድ አልባ ስልክ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽን ሲያይ በሁለት የአማርኛ ቃል ሰየመው። የዛሬው ባለሙያ ለአንድ ቁልፍ የአማርኛ ስም መስጠት አቅቶታል።

ችግሩ ከየት ይመጣል? በተለይ ጌም የስልኩን ፊደል አይጠቀምም፤ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ዩኒቲን በመሳሰሉ የጌም መሥሪያዎች ፊደላት አስቀድመው እንደ ሥዕል በአንድ ሰሌዳ ላይ ይደረደራሉ። አብሮ የሚመጣው ሰሌዳ የላቲን ነው፤ ግዕዙን ሰሪው ራሱ ማስገባት አለበት። ካላስገባ ሳጥን፣ ግማሹን ካስገባ ግማሽ ቋንቋ።

ሳጥኑ ያሳፈረው ሰሪ ደግሞ ወደ ሁለት አቋራጮች ይሮጣል። አንደኛው ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ! ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ ስልኩ ላይ ፊደል ሲተልቅ አብሮ አይተልቅም። ለዓይነ ስውር የሚያነብ ሶፍትዌርም ፊቱ የሚያገኘው ዝም ያለ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የድሮ ፎንት። ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው። ግዕዙ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይሣልና በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የቁራ ጭረት ይሆናል። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ነበር። ዛሬም ያንን ፎንት አፕ ውስጥ የሚከት አለ። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ስሙን ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ግን እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ ነገር ያገኛል። የደንበኛው ስም መረጃ ቋቱ ውስጥ የተቀመጠውም እንደዚያው ተበላሽቶ ነው።

ሰበቡ ብዙ ነው። «ፎንት አፑን ያከብደዋል» ይባላል። የኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ አንድ ውፍረት ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው፤ የመክፈቻው ማስታወቂያ ቪዲዮ ስንት ነው? «ፎንት ውድ ነው» ይባላል። የጎግሉ ኖቶም፣ የኤስአይኤሉ አቢሲኒካም በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። አፕ ውስጥ አስገብቶ አፑን መሸጥ ይቻላል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን የተከለከለ ነው። ይህ እያለ ኒያላን ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ቀድቶ አፕ ውስጥ መክተት፣ ወይም የአገር ልጅ ለፍቶ የሣለውን ፎንት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ምን ይባላል? ሌብነት።

«ጊዜ የለም» የሚለው ደግሞ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሲታተም ፊደሉ አንድ በአንድ በብረት ተቀርጾ ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ፋይል ማውረድ ነው።

ፎንቱ ከገባም በኋላ ሥራው አላለቀም። ለላቲን በተለካ መጠን ግዕዝ ሲጻፍ የ«ሜ» ቀለበት ይደፈንና ከ«ሚ» አይለይም። ፎንቱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ስልኩ በግድ ያደምቀዋል፣ የቀረችው ቀዳዳም ትጠፋለች። «አማርኛ ካለ ይበቃል» ማለትም አይሠራም፤ ግዕዝ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ ቐን ይፈልጋል። ለጉራጊኛ አዲስ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለሆነ ከዚያ በፊት የወጣ ፎንት አያውቃቸውም።

ይህ ሁሉ የወጣት ፕሮግራመር ጥፋት ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ገንዘቡን የሚከፍሉት ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አፑን ሲረከቡ አርማቸው መሀል ላይ መሆኑን ይለካሉ፤ «ተከፍሏል» መነበቡን ግን አያዩም። ውላቸው ውስጥ ሦስት መስመር ይጨምሩ። አንድ፦ ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ኋላ፣ ተልኳል ተጽፈው ያለ ሳጥን ይታዩ። ሁለት፦ ከአፑ የተገለበጠ አማርኛ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ አማርኛ ሆኖ ይውጣ። ሦስት፦ የስልኩ ፊደል በጣም ሲተልቅ ጽሑፉ አብሮ ይተልቅ፣ ሚ እና ሜም ይለዩ። ይህን ያላለፈ አፕ ክፍያው አይለቀቅ።

ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንባቢም አሁኑኑ ስልኩ ላይ ያሉትን አፖች መፈተን ይችላል። ሳጥን ካገኘ ፎቶ አንስቶ ለአፑ ባለቤት ይላክ፤ ዝም ካሉት ነገም ያንኑ ሳጥን ነው የሚሸጡለት።