ካንሰርን እንዲያጠቁ የተለወጡ ቫይረሶችና የፈቃድ ሰጪዎች ጥያቄ

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ሪፕሊሙን የተባለው ኩባንያ ያቀረበለትን «አር ፒ 1» የተሰኘ የካንሰር ሕክምና ሳያጸድቀው ቀርቷል። ሕክምናው በዘረመል ምሕንድስና የተለወጠ የኸርፒስ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በተፈጥሮው በእኛ ዘንድ በተለምዶ ምች የሚባለውን የከንፈር ቁስል የሚያስከትለው ነው። የታሰበውም ሌላ መድኃኒት ላልበጃቸው የሜላኖማ ሕሙማን ነበር። ሜላኖማ የነጮች የቆዳ ካንሰር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በጥቁር ሰዎች ላይ በአብዛኛው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ስለሚወጣ ሳይታወቅ ይቆያል።

የቫይረስ ሕክምና የሚፈለገው ጠጣር ዕጢዎች በዙሪያቸው የሰውነትን መከላከያ የሚያፍን ሁኔታ ስለሚፈጥሩ ነው። ጤነኛ ሕዋስ ቫይረስ ሲገባበት ራሱን የሚከላከልበት ሥርዓት አለው፤ በብዙ የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ግን ይህ ሥርዓት የተበላሸ ነው። ተመራማሪዎች ቫይረሱ የጤነኛውን ሕዋስ መከላከያ የሚሰብርበትን ዘረመል ያወጡለታል። በዚህም ምክንያት በዋነኛነት በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ይራባል፣ ሕዋሱንም ያፈነዳል። ከፈነዳው ሕዋስ የሚፈሰው ይዘት የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ ትልቁ ተስፋም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚሁ መንገድ የተሠራው «ቲ-ቬክ» እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ተፈቅዷል። 436 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ መሻሻል ያሳዩት 16.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን 2.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም መድኃኒቱ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ የሚወጋ በመሆኑ ካንሰሩ ወደ ውስጥ አካላት ለተዛመተባቸው ሰዎች እምብዛም አልረዳም። ፔምብሮሊዙማብ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በ692 ሕሙማን ላይ ሲፈተንም ዕድሜ ማራዘሙ አልተረጋገጠም።

የአር ፒ 1 ክርክር የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው። ከ140 ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዕጢያቸው በግልጽ ቀንሷል። መሥሪያ ቤቱ ግን ጥናቱ በቂ ቁጥጥር ያልነበረው፣ ሕሙማኑም እጅግ የተለያዩ ናቸው ሲል ውጤቱን ለመተርጎም እንደሚያስቸግር ገልጿል። ቫይረሱ የተሰጠው ኒቮሉማብ ከተባለ መድኃኒት ጋር ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ የቱ ነው የሚለውም ጥያቄ ይነሳል። በአንጻሩ ሕሙማኑ ቀደም ሲል የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ወስደው ካንሰሩ የገፋባቸው መሆናቸው ለኩባንያው ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ዓመታት የሚፈጅ ጥናት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ጃፓን የተለየ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2021 «ዴሊታክት» ለተባለው የአንጎል ዕጢ ሕክምና ፈቃድ የሰጠችው በ19 ሕሙማን ጥናት ላይ ተመሥርታ ነው። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታና የጊዜ ገደብ አለው፤ ተጨማሪ ማስረጃም ይጠበቅበታል። ቻይና ከዚህ ሁሉ ቀድማ በ2005 ለራስና አንገት ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጥ ሌላ ቫይረስ ፈቅዳለች።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አለመሆኑን የላትቪያው «ሪግቪር» ያሳያል። በ2004 ተመዝግቦ ከሌሎች አገሮች ጭምር ሕሙማን ሲፈልጉት ቆይቷል፤ በ2019 ግን በምርመራ በጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው የቫይረስ መጠን ከተገለጸው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ከገበያ ወጥቷል። ለታመመ ዘመዱ ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ውጭ ለመላክ የሚዘጋጅ ቤተሰብ ሕክምናው በየትኛው አገር፣ ለየትኛው ካንሰርና ለየትኛው ደረጃ እንደተፈቀደ አስቀድሞ ከካንሰር ሐኪም ቢጠይቅ ይበጀዋል።