የጥበቃ ሰዓትም የሥራ ሰዓት ነው፦ ስለ ፕሮፖዚሽን 22 የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በካሊፎርኒያ በኡበር፣ በሊፍትና በመሰል አፖች እየሠራን ቤተሰብ የምናስተዳድር አማርኛ ተናጋሪ አሽከርካሪዎች፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። ጉዳያችን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ለመራጩ ሕዝብ ቀርቦ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 22 ነው። ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም የዕለት ገቢያችን የሚሰላው በእሱ ነውና አሁንም የምንለው አለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2018 ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳይናሜክስ በተባለው ጉዳይ፣ ሠራተኛዬ ተቀጣሪ ሳይሆን ኮንትራክተር ነው የሚል ኩባንያ ይህንኑ ራሱ ማስረዳት አለበት ሲል ወሰነ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትም በ2019 ውሳኔውን በሕግ አጸናው፤ ኤቢ 5 የምንለው ይህ ሕግ በጃንዋሪ 2020 ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ አሽከርካሪው የሥራ አጥ መድን፣ የሕመም ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ ሊያገኝ ነበር። ኩባንያዎቹ ግን ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ለቅስቀሳው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፤ የተቃዋሚው ወገን ያወጣው ወደ 20 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከመራጩ 58.6 ከመቶው ደገፈው፤ ፕሮፖዚሽን 22ም ሕግ ሆነ፤ አሽከርካሪውም ተቀጣሪ መሆኑ ቀርቶ ኮንትራክተር ተባለ።

የሕዝብን ድምፅ እናከብራለን። ከአባሎቻችን መካከልም የደገፉት ጥቂት አይደሉም፤ ማኅበሩም በዚህ ማንንም አይወቅስም። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ የታመመች እናቱን የሚያስታምም፣ ማታ ኮሌጅ የሚማር ሰው ሰዓቱን ራሱ መምረጥ ይፈልጋል። ይህን ነፃነት እኛም አሳልፈን አንሰጥም። ቅስቀሳው ግን መራጩን ከነፃነትና ከመብት አንዱን ምረጥ አለው። ተቀጣሪ መሆን ሰዓትን መምረጥ አይከለክልም፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ብዙ አባሎቻችን ድምፅ የሰጡት ይህን የሚነግራቸው አጥተው ነው።

ዋናው ቅሬታችን ስለ ሰዓት ነው። ፕሮፖዚሽን 22 ለአሽከርካሪው ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 ከመቶ ዋስትና ይሰጣል። ሕጉ በጸና ማግስት፣ በ2021፣ የክፍለ ግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በትልልቅ ድርጅቶች 14 ዶላር ስለነበር፣ ዋስትናው በሰዓት 16 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነበር ማለት ነው። ለሰሚው ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ጥሪውን ስንቀበል ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ይቆማል።

እስቲ የኤርፖርቱን መጠበቂያ ቦታ ለማያውቀው እንግለጸው። ከንጋት በፊት የደረሱ መኪኖች ተራ ይዘው ተደርድረዋል። ስልኩ ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቶ ከፊትህ ስንት መኪና እንዳለ ያሳያል። አንዱ መቀመጫውን አስተኝቶ አንድ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ያሸልባል፤ ሌላው ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ማንም ከዚያ ርቆ አይሄድም፤ ጥሪው ሲመጣ በሴኮንዶች ካልተቀበሉት ያልፋል። ይህ ሰው እረፍት ላይ ነው የሚል ካለ አንድ ጠዋት አብሮን ይዋል። ሱቅ ከፍቶ ገዢ የሚጠብቅ ሻጭ ደመወዙ ገዢ በመጣበት ደቂቃ ብቻ አይታሰብም። በሕጉ ዓይን ግን የእኛ ጥበቃ ሥራ አይደለም፤ ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶ መኪና መንዳትም እንዲሁ።

የጤና መድን ድጎማውም የሚለካው በዚሁ ሰዓት ነው። በሳምንት በአማካይ ከ15 ሰዓት በታች የተቆጠረለት ምንም አያገኝም፤ ከ15 እስከ 25 ያለው ግማሹን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሙሉውን ያገኛል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ውሎ ከመስመሩ በታች የሚቀር አለ። ሜዲካል የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ደግሞ ድጎማው ከጅምሩ አይመለከተውም። የነዳጅና የመኪና ወጪ ማካካሻው በማይል 30 ሳንቲም ተብሎ ተጻፈ፤ በዚያው በ2020 የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ለሥራ የሚነዳ መኪና ወጪ ብሎ የተመነው 57.5 ሳንቲም ነበር። ጎማና ፍሬን የሚቀይር ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አባሎቻችን ድምፅ ሲሰጡ ይህን ሁሉ በቋንቋቸው ማንበብ አልቻሉም። ክፍለ ግዛቱ የመራጮችን መመሪያ በ10 ቋንቋዎች ያትማል፤ አማርኛ የለበትም። የፌዴራሉ ሕግ በ1975 የቋንቋ መብት ለመራጮች ሲሰጥ የዘረዘረው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያን፣ የአሜሪካን ነባርና የአላስካን ነባር ሕዝቦች ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ ቋንቋ አልገባም። ስለዚህ ዜግነት አግኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠ አሽከርካሪ የገዛ ደመወዙን የሚወስነውን ጽሑፍ በልጁ አስተርጓሚነት አነበበ፤ ልጅ የሌለው በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ተመራ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን አካትታለች፤ ካሊፎርኒያን የሚያግዳት ምክንያት አይታየንም።

ሌላው ያሳዘነን የፕሮፖዚሽን 22 መቆለፊያ ነው። ምክር ቤቱ ሕጉን ለማሻሻል ከስምንት አባላት የሰባቱ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ይህ በተግባር አይነካም ማለት ነው። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ሲንከባለል ቆይቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2024 ሕጉን አጸና። ሆኖም ቀደም ሲል በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የምክር ቤቱን የኅብረት ድርድር ሥልጣን የሚያጠብበውን አንቀጽ ሰርዞት ነበር። በር የተከፈተልን እዚያ ላይ ነው። በኦክቶበር 2025 የተፈረመው ኤቢ 1340 ከ800 ሺህ በላይ አሽከርካሪዎች ተደራጅተው በኅብረት እንዲደራደሩ ፈቅዷል። ማሳቹሴትስም በኖቬምበር 2024 ይህንኑ መብት በሕዝብ ድምፅ አጽድቃለች፤ መራጩ ጥያቄው በግልጽ ከቀረበለት ከአሽከርካሪ ጋር እንደሚቆም አየን።

ስለዚህ ማኅበራችን ከአፑ መከፈት እስከ መዘጋት ያለው ሰዓት ሁሉ እንደ ሥራ ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይጠይቃል፤ በሚመጣው ድርድርም የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይኸው ነው። የሠራተኛን ኑሮ በሚነካ ጉዳይ ላይ የምክር ቤትን እጅ በሰባት ስምንተኛ የሚያስር ረቂቅ ዳግም ለሕዝብ ቢቀርብ፣ ይዘቱ ምንም ያህል ቢያምር እንቃወማለን። የመራጮች መመሪያ በአማርኛም እንዲታተም ለክፍለ ግዛቱ የምርጫ ኃላፊ በጽሑፍ እናመለክታለን። ኤቢ 1340 ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ አሽከርካሪዎችን አላካተተም፤ ብዙዎቹ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ጠዋት ሰው፣ ማታ ምግብ የሚያመላልሱ ናቸው፤ ምክር ቤቱ እነሱንም እንዲያካትት እንጠይቃለን። አባሎቻችን የመደራጃ ቅጽ ሲቀርብላቸው ትርጉሙን ሳይረዱ እንዳይፈርሙ፣ ፈርመው ደግሞ ማንም እንዳያስፈራራቸው፣ ቅጹን በአማርኛ የሚያስረዳ ኮሚቴ ዛሬ አቋቁመናል።