ግድግዳው ቆሞ ሰው ከወጣ ምኑን ቅርስ ሆነ?

የቅርስ ጥበቃ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቤተ መንግሥት፣ ቤተ እምነት ወይም ሐውልት ነው። ተራ ሱቅ ቅርስ ነው ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። በማሌዢያ፣ በፔናንግ ደሴት ላይ የምትገኘው የወደብ ከተማ ጆርጅ ታውን ግን መልኳን ያገኘችው በዋናነት ከነዚሁ የነጋዴ ቤቶች ነው።

ቤቶቹ ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ኋላ ግን ረጅም ናቸው። ታች ሱቅ ወይም የእጅ ሥራ፣ ላይ መኖሪያ። ከመሐል ጣሪያው ክፍት የሆነ ቦታ አለ፤ ብርሃን በዚያ ይገባል፣ የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል። ከፊት ያለው በረንዳ ከጎረቤት በረንዳ ጋር ስለሚያያዝ እግረኛ ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ ይሄዳል። ግድግዳው ጡብ ሆኖ በኖራ የተለሰነ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል። ዛሬ አንዳንዱ “ላድስ” ብሎ በሲሚንቶ ሲለስነው እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ጡቡ ይፈረፈራል። በቅንነት ማፍረስ ማለት ይኼ ነው!

የኔ ጥያቄ ግን ከልስኑ ያልፋል። በማሌዢያ እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ከ1948 በፊት የተሠሩ ቤቶችን ኪራይ ዝቅ አድርጎ ይዞ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ሁለት ፊት ነበረው። አከራዩ የሚያገኘው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ጣሪያ ቢያፈስም አይጠግንም። በዚያው ልክ ደግሞ አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት አልቸኮለም፤ ተከራዩም ከነሙያው እዚያው ኖረ። ሕጉ በ1997 ተሻረ፤ ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ኪራይ በገበያ ዋጋ ሆነ። ታዲያ ለዓመታት የኖሩ ቤተሰቦችና አነስተኛ ነጋዴዎች መክፈል አቅቷቸው ወጡ። ባዶ ከቀሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ጎጇቸው ለምግብ የሚሸጥ ወፎች ማርቢያ እስከ መሆን ደረሱ። ሰው ወጥቶ ወፍ ገባ። ይህ በቅርስ ክልሉ ውስጥ የተከለከለው በኋላ ነው።

ዩኔስኮ በ2008 ጆርጅ ታውንን ከመላካ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከምክንያቶቹ አንዱ የማላይ፣ የቻይና፣ የሕንድና የሌሎች ሕዝቦች ባህልና እምነት ጎን ለጎን ሕያው ሆኖ መገኘቱ ነው። ልብ በሉ፣ ሕያው ነው የተባለው! ከምዝገባው በኋላ ቱሪስት በዛ፣ የቤት ዋጋም ናረ። ብዙ ቤቶች በደንብ ታደሱ፣ ግን ሆቴልና ካፌ ሆኑ። በቅርስነቱ ለወጣው ነዋሪ ነገሩ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው።

“ታዲያ ቤቱ ይፍረስ ወይ? ቱሪስት ባይመጣ የጥገናውን ገንዘብ ማን ይሰጣል?” የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም የድሮው ሕግ እንዳለ ይመለስ አልልም፤ ባለቤትን አክስሮ ቤት ማዳን አይቻልም። ነገር ግን መፍትሔው ገበያውን ልጓም የሌለው ፈረስ ማድረግም አይደለም። በ2009 የተቋቋመው ቲንክ ሲቲ በከተማዋ ለጥገና የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ የሕዝብ ገንዘብ ሲሰጥ ከውል ጋር መታሰር አለበት፦ ባለቤቱ ድጋፉን ይውሰድ፣ በምላሹ ነባር ተከራዩን በተመጣጣኝ ኪራይ ለተወሰኑ ዓመታት ያቆይ። ያኔ አከራዩም አይጎዳም፣ ባለሙያውም ከሱቁ አይነቀልም።

እኛ የዚህ ሙያ ተማሪዎች ሕንፃ ስንለካ የግድግዳውን ውፍረት፣ የበሩን ስፋት እንመዘግባለን። ማን ይኖርበታል፣ ምን ይሠራበታል፣ ስንት ይከፍላል የሚለውንም በዚያው ወረቀት ላይ ብንጽፍ መልካም ነው። በረንዳው የተሠራው ለፎቶ ሳይሆን ሰው እንዲያልፍበት፣ ነጋዴም ደንበኛውን እንዲቀበልበት ነውና።