ቦርሳ ላይ የምትሰፋ መብራት

በከተማችን ሐዋሳ መብራት የጠፋ ዕለት፣ ከመግሪብ በኋላ ከቁርኣን ቤት የሚመለስ ልጅ ለባጃጅ ነጂ ጥላ ይመስላል። ስለዚህ ከተማሪዎቻችን ጋር ቀይ ኤልኢዲ ቦርሳ ላይ መስፋት ያዝን። አሜሪካዊቷ ሊያ ቢክሊ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለልብስ ያወጣችው ሊሊፓድ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ክር ይሰፋል። እኛ ከተበላሸ ቻርጀር ገመድ በወጣ ሽቦ ሠራን፤ አያምርም፣ ግን ይበራል። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ፤ ባትሪዋም ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልቷ ናት።

የምታሰጋንም እርሷው ናት። ሕፃን ከዋጣት የምግብ ቧንቧው ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ አልቃለች ተብላ የተጣለችውም እንዲሁ። ኪሷን በአራቱም በኩል ሰፍተን እንዘጋለን፣ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር እንተረትራለን። ሥራ ያበዛል፤ ይሁን። ተውጣ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ፣ ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ።