አንበሳው ከታሰረ በኋላ

በቅርቡ ለለቅሶ ዲምቱ ወርጄ ነበር። ዲምቱን ለማታውቁ፣ ከሶዶ ወጥታችሁ በስተምሥራቅ ወደ ብላቴ ወንዝ ስትወርዱ የምታገኟት ሞቃት የወላይታ ከተማ ናት። ከቀብር መልስ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አረፍ እንዳልን አንድ አብሮ አደጌ የሆነ መምህርና ነጋዴ ዘመዱ ክርክር ገጠሙ። ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እንዳትሉኝ። ስለ ታይዋን!

ነጋዴው የቻይና ደጋፊ ነው። ከነጠላ ጫማ እስከ ባትሪ የሚሸጠው ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ አይፈረድበትም። መምህሩ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር ነው። «ቻይናን ብቻውን የሚችላት የለም። አሜሪካ ግን ብልህ ናት፤ ጃፓንን፣ ኮሪያን፣ ፊሊፒንስን፣ አውስትራሊያን አሰልፋ ከበበቻት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ነጋዴው መልስ ቢያጣ ሻዩን ጨለጠ። እኔም ለቅሶ ላይ ነኝና ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ሐሳባችን ሁሉ ከአንበሳው ላይ ነው። ታሰረ፣ ተገላገልን፣ እሰይ! ስለ ድሩ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ድሩን ማን ጠቀለለው? ምን ሸመነበት? ሌላው ቢቀር ዲምቱ ላይ ተቀምጦ ይህን አለመጠየቅ ያሳፍራል፤ ያ አገር ራሱ አንድ ጊዜ የታሰረው አንበሳ ነበርና።

የወላይታ መንግሥት በእነካዎ ኦጋቶ፣ በእነካዎ አማዶ እያለ እየጠነከረ መጥቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎረቤት ሁሉ በዐይነ ቁራኛ የሚያየው ኃይል ሆኖ ነበር። ጎረቤቶቹን አላስጨነቀም አልልም፤ አስጨንቋል። በካዎ ጦና ዘመን የአፄ ምኒልክ የጦር አለቆች ደጋግመው ሞክረውት አልሆነላቸውም። በ1887 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ። ሲዘምቱ ግን የሸዋን ጦር ብቻ ይዘው አይደለም። የወሎው ራስ ሚካኤል አብረው ነበሩ። የጅማው አባ ጅፋር ጦርም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን እልቂት፣ የከብቱን መንጋና የሰው ምርኮውን ጽፎ ትቶልናል። የሚያነብ ሰው ሆዱን አጥንቶ ያንብብ።

(ይህን ስጽፍ አንዱ «ምኒልክን ሰደበ»፣ ሌላው «ለምኒልክ አለሳለሰ» ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለታችሁም ቆዩኝ። የዛሬው ጉዳዬ ከአንበሳውም ከአሳሪውም ጋር አይደለም፤ ከድሩ ጋር ነው።)

ስለዚህ ወደ አባ ጅፋር ልመለስ። «አባ ጅፋር ብልህ ነበሩ» የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አብሬው እላለሁ። አስቀድመው ገቡ፣ ገበሩ፣ አገራቸውን ከእሳት አዳኑ። ሌላው ሲቃጠል የሂርማታ ገበያ ደርቶ ቀጠለ፤ ጅማም የራሷን ባላባት ይዛ ለአሥርት ዓመታት ኖረች። ጦና ተዋግተው ያጡትን አባ ጅፋር ሳይዋጉ አቆዩት። ይህን ሸምጥጦ መካድ ሐሰት ነው።

ነገር ግን ሂሳቡ በምን እንደተከፈለ እንይ። ግብሩ ብርና ማር ብቻ አልነበረም፤ ጦርም ነበር። የጅማ ሰው በኩሎ ላይ፣ ማለትም ዛሬ ዳውሮ በምንለው አገር ላይ ዘመተ። ከዚያ በወላይታ ላይ ዘመተ። ከዚያም በ1889 ዓ.ም. በካፋ ላይ ዘምቶ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲያዙ በቦታው ነበር። ጅማ ከእያንዳንዱ ዘመቻ በሰላም ተመለሰች፤ በተመለሰች ቁጥር ግን አንድ ጎረቤት ጎደላት። እ.ኤ.አ. በ1932 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በተራዋ የጅማን ራስ ገዝነት ሲያፈርስ ማንን ትጥራ? ኩሎን? ወላይታን? ካፋን? ሁሉንም በገዛ እጇ አስረክባ ጨርሳለች። ያን ቀን ድሩ የሚያስረው አንበሳ ስላልነበረ፣ ድሩ ራሱ ተጠቀለለ።

በሽታው የአባ ጅፋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንኩ። ቅርቡን ፈርቶ ሩቁን መጥራት እኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክም ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ድር ሆነው ያውቃሉ። በ1880 ዓ.ም. ጣልያን አፄ ዮሐንስ ብቻቸውን እንዲቀሩለት ሲል 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ሊሰጣቸው ተዋዋለ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት መተማ ላይ ወደቁ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። ወዳጅ የሰጠው ክር ገመድ ሆኖ መጣ። እርግጥ ነው፣ አድዋ ላይ ተበጠሰ። ሁሉም ድር ግን አድዋ የለውም።

ከዚህ ወዲህ ያለውን ደግሞ ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከአጎቴ ነው የሰማሁት። አጎቴ በሚሊሺያነት ኦጋዴን ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። «እኛ የአሜሪካ ጠመንጃ፣ እነሱ የራሺያ ጠመንጃ ይዘን ጀመርን። መሐል ላይ አለቆቹ ተለዋወጡ። እኛን ግን ማንም አልለወጠንም፤ እዚያው ነበርን» ይላል። ነገሩ እንዳለውም ነው። አሜሪካ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ይዛ ሶቪየትን ስታዳምጥ የኖረችው በኛ ወዳጅነት ነበር። ሶቪየት በበኩሏ ሶማሊያን አስታጥቃ በርበራ ላይ ተቀምጣለች። በ1969 ዓ.ም. እኛ ከአሜሪካ ተጣላን፤ ጣቢያውም ተዘጋ። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፤ እነሱም ወደኛ ዞሩ። ትናንት የሶማሊያን መኮንን ያሠለጠነ አማካሪ ዛሬ ካርታ ዘርግቶ የኛን መኮንን ያማክር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አሜሪካ በርበራ ገባች። ሁለቱ ኃያላን ወንበር ተቀያየሩ እንጂ አንዳቸውም ልጅ አልቀበሩም። የቀበርነው እኛና ሶማሌዎቹ ነን።

እንግዲህ የመምህሩ የታይዋን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካንን የባሕር ኃይል ከሱቢክ ሸኝታ ነበር። ቻይናን ስትፈራ ጊዜ መልሳ ጠራቻት፤ በ2023 የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምባቸውን ካምፖች ቁጥር ወደ 9 አሳደገች። በፊሊፒንስ ቦታ ብሆን ምናልባት እኔም ያንኑ አደርግ ነበር፤ ፍርሃቷ የውሸት አይደለም። ግን እሳቱ ከተነሳ መጀመሪያ የሚወርደው በነዚያ ካምፖች ላይ እንጂ በካሊፎርኒያ ላይ አይደለም። ድርነት ለትልቁም ቢሆን አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2021 አውስትራሊያ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ሲዋዋሉ፣ ከአውስትራሊያ ጋር የገባችው ትልቅ ውል በአንድ ጀምበር የፈረሰባት ፈረንሳይ እኮ ወዳጅ ነበረች! ተናድዳ አምባሳደሮቿን ጠራች፣ ከዚያ መልሳ ላከች። ፈረንሳይ እንዲህ ከሆነች…

በማግስቱ ጠዋት መምህሩን አገኘሁት። «እሺ፣ ግብፅስ?» አልኩት። «በ2017 መስከረም መጨረሻ ላይ የግብፁ ሲሲ፣ የሶማሊያው ሐሰን ሼክና ኢሳያስ አሥመራ ላይ ተሰብስበው ሲጨባበጡ አላየህም? ግብፅ ከዚያ በፊት በነሐሴ ከሶማሊያ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈርማ የጦር መሣሪያ ጭና ሞቃዲሾ ድረስ ልካለች። ይኼስ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው?»

«እሱማ ሴራ ነው!» አለ ፊቱ ቀልቶ።

አያችሁ? ቻይና ስትከበብ ብልሃት፤ እኛ ስንከበብ ሴራ። ወዳጄን የምወቅሰው ግን አገሩን በመውደዱ አይደለም። የምወቅሰው ድሩ ከምን እንደሚፈተል ለማየት ባለመፈለጉ ነው። ግብፅ በራሷ ክር ኢትዮጵያን መክበብ አትችልም፤ ሩቅ ናት። ክሩን ያገኘችው ከኛው ደጅ ነው፤ እሱም የጎረቤት ፍርሃት ነው። ሶማሊያ ወደ ካይሮ የሮጠችው ዓባይ ስለገደዳት አይመስለኝም። በ2016 ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የፈረምናት ወረቀት እንቅልፍ ስለነሳቻት ነው። የባሕር በር አያስፈልገንም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ወረቀቷን የፈረምነው ለጎረቤት ሳንነግር ነው። ሶማሊያም ብትሆን ልብ ካላት የጅማን ታሪክ ትጠይቅ፤ ካይሮ ከዓባይ ጉዳይዋን የጨረሰች ዕለት ሞቃዲሾን በምን ታስታውሳታለች?

የሕዳሴው ግድብ በ2017 ጳጉሜ 4 ቀን ተመረቀ። ደስ ብሎናል፤ ሊለንም ይገባል፤ ከወር ደመወዙ ቦንድ ያልገዛ መምህር ዲምቱም አይገኝ ይሆናል። ትልቅ ስንሆን ግን የሚያየን ዐይንም ይበዛል። ወላይታም ሲጠነክር እንዲያ ነበር የታየው። ካዎ ጦና ያን ታኅሣሥ አንድ ጎረቤት እንኳ «እኔ አለሁ» ሳይላቸው ቀሩ። ለምን ብለን ጠይቀን እናውቃለን? የሸዋ ጦር ብዛት ብቻ ነው ምክንያቱ? ወይስ በደጉ ጊዜ ከከብቱና ከሰው ምርኮው ሌላ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተነጋገሩት ነገር አልነበረም?

መምህሩ «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው? ተከብበን እንቀመጥ?» አለኝ። እኔ የምለው ይህን ነው። ከሶማሊያ ጋር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር እንዋሰናለን። ተኮራርፈን ስንከርም ያስታረቀን ማን ነበር? ቱርክ! በ2017 ታኅሣሥ 2 ቀን ሁለታችንም አንካራ ድረስ ሄደን፣ የኛም የነሱም መሪ ከኤርዶጋን ግራና ቀኝ ቆመው ፎቶ ተነሱ። መታረቃችን መልካም፤ ቱርክም ትመስገን። ግን ቱርክም በሶማሊያ ምድር የራሷ የጦር ማሠልጠኛ ያላት አገር ናት፣ ለነፍሷ ብላ አይደለም የደከመችው። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለጎረቤታችን ስልክ መደወል አቅቶን ነበር። ከአዲስ አበባ ሞቃዲሾ እኮ ከአንካራ ይቀርባል።