መሣሪያውን የሚይዘው ማነው?
ነገ አስተማሪ ለሚሆኑ ወንድሞችና እኅቶች

በአገር ቤት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የምትማር ታናሽ እኅቴ በቅርቡ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ያለነው ሁላችን የቤት ሥራችንን የምንሠራው ስልካችንን እየጠየቅን ነው። ስልኩ ሁሉን የሚመልስ ከሆነ እኔ አስተማሪነት የምማረው ለምንድነው?»

ወዲያው ልመልስላት አስቤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ይህን መጽሔት ከምናነበው መካከል አያሌዎቻችን ነገ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆማችን አይቀርም። እኔም ራሴ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የፊዚክስ መልመጃ አሠራለሁ። ስለዚህ ለእርሷ የጻፍኩትን መልስ አስፋፍቼ እዚህ ማቅረቤ ያለ ቦታው አይሆንም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በስብሰባዎቻችን ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር አንዱ ወገን «ለየተማሪው ኮምፒዩተር ይታደል» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ ጠመኔና ወንበር ባልተሟላበት አገር ስለ ኮምፒዩተር ማውራት የከተማ ልጆች ቅንጦት ነው ሲል መለሰ። እኔ ሁለቱም አንድ ሰው ረስተዋል ባይ ነኝ። ኮምፒዩተሩ ቢመጣም ባይመጣም ጠዋት ክፍል ገብቶ ስም የሚጠራውን ሰው!

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት ጀመረ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ይኸው ነው። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ፣ የሚነገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ሲሆን ለክፍሉ አስተማሪ የቀረለት በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነው።

እኔ በ2005 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ይኸው ቴሌቪዥን በብረት ሣጥን ተቆልፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የሒሳብ መምህራችን ቁልፉን ይዘው ይመጣሉ፣ ሣጥኑን ይከፍታሉ፣ ከዚያ በኋላ በሩ አጠገብ ይቆማሉ። በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ጥያቄ ትጠይቅና ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቀናለች። ከእኛ ውስጥ አፉን የከፈተ ሳይኖር «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። የመጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር፤ በኋላ መሳቁም ቀረ። መምህራችንን በሌሉበት «ከፋች» እንላቸው ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ፤ ዳሩ ግን ስሙን ያወጣላቸው የእኛ ክፋት ብቻ አልነበረም፤ የተሰጣቸው ሥራ ጭምር ነው።

መብራት የጠፋ ዕለት ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል። መምህራችን ጠመኔ አንሥተው በሳምንት ውስጥ ያመለጠንን ከሥሩ ጀምረው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያስረዱናል። እኔ ባለ ሁለት እርከን እኩልታ የገባኝ መብራት በጠፋበት ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ሌላ መምህር ነበሩን፤ እርሳቸው መብራት ሲጠፋ እንደኛው ቁጭ ይሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ያስተምራል ብለው ትምህርቱን መዘጋጀት ከተዉ ቆይተዋል። ማንበብ ካቆሙ በኋላ መብራቱም ሲጠፋ የሚሰጡን አልነበራቸውም።

እንግዲህ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነበር? አይመስለኝም። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ሶዲየም ውኃ ውስጥ ሲጣል ምን እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁት በዚያው ስክሪን ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም። ያንን ሁለት ደቂቃ መምህሩ በፈለገው ሰዓት ማምጣት፣ ማቆም፣ መድገም፣ «ይህ ጢስ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ቢችል ኖሮ ምን ያህል ትልቅ ነገር በሆነ! ግን ከሰማይ የሚወርድ ሥርጭት ማንንም አይጠብቅም። መሣሪያው ክፍል ውስጥ ሲገባ የጊዜው ባለቤትነት ከመምህሩ እጅ ወጣ። የጎዳን ይህ ነው። በጊዜው ይህን አይተው የተናገሩ መምህራን ነበሩ። ሆኖም አብዛኛው ስለ መሣሪያው የሚያውቀው መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ ስለ ነበረ ከመቀበል ወይም ከማጉረምረም በቀር «በዚህ ፈንታ እንዲህ ሆኖ ይሠራልን» ብሎ ሊከራከር የሚችልበት ዕውቀት አልነበረውም።

ከዚያ ቀደም የነበሩ መምህራን ሌላ ታሪክ አላቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት ለደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ጭምር ነው። ዕቅዱ በድኃው ልጅ ላይ ምን እንደሚያስከትል ተወያይተውበት ነበር። ዛሬ ወደ ክፍላችን የሚመጣው ዕቅድ በወረቀት ብቻ ተጽፎ አይመጣም፤ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ይህን ማንበብ የማይችል መምህር የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም አያውቅም።

የእኔ ትውልድ በትምህርት ቤት ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀበት መንገድም የሚያኮራ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ ተሰረዘ፤ እኛም ከፈተና አዳራሽ ወደ ቤት ተመለስን። በሐምሌ እንደገና ስንፈተን ማኅበራዊ መገናኛው ተዘጋ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ። ስለዚህ ኢንተርኔት ማለት ለእኛ የተሰረቀ ወረቀት የሚገኝበት፣ ፈተና ሲደርስ የሚቆለፍ ነገር ሆኖ ቀረ። እንዴት እንደምንማርበት ግን ማንም አላሳየንም፤ የሚያሳየን መምህርም ራሱ አልተማረውም ነበርና።

አሁን ወደ እኅቴ ጥያቄ ልመለስ። ቻት ጂፒቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ የሚጠይቁትን ሁሉ የሚመልስ ጽሑፍ በማንም ኪስ ውስጥ ገብቷል። ይህ መሣሪያ ከብዙ ጽሑፍ የተማረ፣ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ዕውቀቱ ብዙ ነው፤ ሲሳሳትም ያው በሙሉ ልብ ነው። እኔ ስለ ኒውተን ሁለተኛ ሕግ በአማርኛ እንዲያስረዳ ጠይቄው ጥሩ አድርጎ ጀመረና በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ኃይል» እና «ጉልበት» የሚሉትን ቃላት ሦስት ጊዜ አቀያየራቸው። እኔ አወቅሁበት፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን በምን ያውቃል? አንብቦ፣ ገልብጦ፣ ተሳስቶ ይሄዳል። ለእኅቴም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ስልኩ የሚመልሰውን ከአንቺ ጋር አብሮ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው እንድትሆኚ ነው የምትማሪው። ለመፈተሽ ግን ከስልኩ ጋር መቀመጥ አለብሽ። የማትነኪውን ነገር ስሕተት አታገኚበትም።

አማርኛው ለምን ተበላሸ ብለን እንጠይቅ። መሣሪያው የሚማረው ከተጻፈው ነው፤ በእኛ ቋንቋዎች የተጻፈው ደግሞ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲገኙ በአማርኛው 15 ሺህ ያህል ናቸው። ኦሮምኛና ትግርኛ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ይህን የሚሞላ የውጭ ኩባንያ እየጠበቅን ከሆነ ፕላዝማን ሁለተኛ ጊዜ እየጠበቅን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተውን፣ ከትምህርት በኋላ ሌላ ሥራ የሚሠራውን፣ አልፎም በጦርነት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን መምህር «ተማር፣ ተሻሻል» ማለት በሰው ቁስል ላይ እንጨት መስደድ አይደለምን? ነው። በዚህ ጉዳይ ከውጭ አገር ሆነን የምንመክር ሰዎች አንደበታችንን ብንቆጥብ ይሻላል። መማር የመምህሩ የግል ትጋት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። በሥራ ሰዓት ውስጥ ጊዜ ሊመደብለት፣ ደመወዝ ሊታሰብበት ይገባል፤ የመምህራን ማኅበራትም እንደ ደመወዙ ሁሉ ይህን ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ገና በኮሌጅ ላሉት አይሠራም። ለእነርሱ ጊዜው አሁን ነው። ዲግሪን እንደ ጥምቀት አንድ ጊዜ ተቀብለውት የሚያበቃ ነገር አድርጎ የማየቱ ልማድ የሚጀምረው ከምረቃው ዕለት ሳይሆን እዚያው ኮሌጁ ውስጥ ነው።

ደግሞም ሁሉ ነገር ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኔትወርክ በሌለበት ገጠርም ይሠራል። ተራ ስልክ የአንድ ሙከራ ፊልም ይቀርጻል። መምህሩ ራሱ የቀረጸውን ደግሞ ራሱ ያቆመዋል፣ ራሱ ይደግመዋል።

እኛስ? በውጭ አገር ያለን የሳይንስ ተማሪዎች ስለ አገራችን ትምህርት መውደቅ ረዥም መግለጫ ማውጣት እናውቅበታለን። እኔም ፈርሜያለሁ። ያቀረብኩት ሐሳብ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ እያንዳንዳችን ከምናውቀው ትምህርት አንድ ምዕራፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ በምንችለው ቋንቋ አዘጋጅተን በአገር ቤት ላለ አንድ እጩ መምህር እንላክ። የምንልከው ተቀበሉ ብለን ሳይሆን እንዲያርሙት ነው።

ሞክሬዋለሁ። ስለ ጉልበትና ፍጥነት የአሥራ ሁለት ደቂቃ ትምህርት ቀርጼ ለእኅቴ ላክሁላት። ለክፍል ጓደኞቿ በአንድ ስልክ ዙሪያ ሰብስባ አሳየቻቸውና ሦስት ስሕተት ለቅማ መለሰችልኝ። አንደኛው የቁጥር ነበር፤ አረምኩት። ሁለተኛው ምሳሌዬ ነው፤ በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ሰው የተናገርኩትን ማንም አላየውምና በጭቃ ላይ በምትንሸራተት አህያ ለወጠችው። በሦስተኛው እስካሁን አልተስማማንም፤ እርሷ በጣም ትፈጥናለህ፣ ጥያቄ ከጠየቅህ በኋላ አትጠብቀንም ትላለች።